ዘይቱ አልቆ ጣሳው ሲቀር

«ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ ሳይሰማ አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው የለም። ቃሉን ስንፈታው «ቆርቆሮ ያለው» ማለት ነው። ሰውዬው ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ከሰፈር ሰፈር ሲጣራ ሲጣራ ቃሉ አፉ ላይ ተጨራመተና፣ እንደሚገዛው ጣሳ አጠር ብሎ ቀረ። ዛሬ ቆራሌው የማይገዛው ነገር የለም። አሮጌ ጫማም፣ ፕላስቲክም፣ የተበላሸ ቴሌቪዥንም ይወስዳል። ስም ያወጣለት ግን ቆርቆሮ ነው።

ባሕር ማዶም የራሳቸው ቆራሌው አላቸው። የእነሱ ቆራሌው ግን ያገኘውን ጣሳ አይቀጠቅጠውም። ያብሰዋል፣ መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል፣ አምፖል ያበራበታል። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ አሮጌ የሞተር ዘይት ጣሳ፣ የማደያ ሰሌዳና የድሮ የነዳጅ ፓምፕ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ለነገሩም «ፔትሮሊያና» የሚል ስም አውጥተውለታል። ብርቅ የሆነ ጣሳ በጨረታ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ያውም ባዶው!

«የጠገበ ሰው ሥራ» ማለት ቀላል ነው። እኛ ጣሳን የምናውቀው በሥራው እንጂ በመደርደሪያ ላይ አይደለም። ቆሎ እንሰፍርበታለን፣ ውኃ እንቀዳበታለን፣ ጠላ እንጠጣበታለን፣ ጤና አዳም እንተክልበታለን። ባዶ ጣሳ በሺህ ዶላር የሚገዛ ሰው እንዳለ ሲነገረን ፈገግ ብንል የሚፈርድብን የለም። ነገር ግን ከዚህ ሰው የምንማረው አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። እሱም ገንዘቡ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ሰብሳቢው ጣሳውን በእጁ አገላብጦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይኼ የመቼ ነው?» ብሎ ነው።

ጣሳ የልደት ወረቀት የለውም። አብዛኛው የዘይት ጣሳ ላይ የተሠራበት ዓመት አልተጻፈም። ስለዚህ ሰብሳቢው እንደ መርማሪ ፖሊስ ምልክት እየለቀመ ሁለት ድንበር ያበጃል፤ «ከዚህ ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም» እና «ከዚህ ዓመት በኋላ ሊሆን አይችልም»። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን የጣሳው ዘመን ነው። እስቲ እኛም ጥቂቱን እንሞክረው። (ዓ.ም ካላልኩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የኩባንያውን ስም እንይ። የሞቢል አንዱ ቅድመ አያት ቫኩም ኦይል ይባላል፤ በ1866 ሮቼስተር በምትባል የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከተማ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። በ1931 ከኒውዮርኩ ስታንዳርድ ኦይል ጋር ተዋሕዶ «ሶኮኒ ቫኩም» ተባለ። በ1955 «ሶኮኒ ሞቢል»፣ በ1966 ደግሞ «ሞቢል ኦይል ኮርፖሬሽን» ሆነ። በ1999 ከኤክሰን ጋር ተጋብቶ «ኤክሰን ሞቢል» የሚለውን ስም ያዘ። እንግዲህ አንድ የአሜሪካ ጣሳ ላይ «ሶኮኒ ቫኩም» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ጣሳው ከ1931 በፊት ሊሆን አይችልም፤ ከ1955ም ብዙ ሊያልፍ አይችልም። «ብዙ» ያልኩት አለምክንያት አይደለም። ስም ተለወጠ ተብሎ በመጋዘን ያለ ጣሳ አይጣልም። በሌላ አገር ያሉ ቅርንጫፎችም የአሮጌውን ስም ለብሰው ይቆያሉ። ለምሳሌ አውስትራሊያ ውስጥ «ቫኩም» የሚለው ስም አሜሪካ ከተወው በኋላም ብዙ ጊዜ ሠርቷል። ጣሳ የት አገር እንደተሞላ ሳይታወቅ ዘመኑን መወሰን ያሳስታል።

ቀጥሎ ምልክቱ ነው። የሼል ዛጎል በ1901 ሲጀመር ሌላ ዓይነት ዛጎል ነበር፤ ዛሬ የምናውቀው የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ዛጎል የመጣው በ1904 ነው። ከዚያም ብዙ ጊዜ ተስሎ ተደልዞ፣ አሁን ያለውን ቀለል ያለ መልክ ሬይመንድ ሎዊ የተባለው ንድፍ አውጪ በ1971 ሰጠው።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን አጂፕ ነው። አጂፕ የጣሊያን መንግሥት በ1926 ያቋቋመው ኩባንያ ነው። ቢጫ መደብ ላይ ቆሞ እሳት የሚተፋው ባለ ስድስት እግር ጥቁር ውሻ ግን የተገኘው በ1952 ከተካሄደ የንድፍ ውድድር ነው። አንድ ነጋዴ ባለ ውሻውን የአጂፕ ጣሳ አውጥቶ «ይኼ የጣሊያን ጊዜ ነው፤ ከአምስቱ ዓመት የተረፈ» ቢለን ምን እንመልስለታለን? ጣሊያን ከአገራችን የወጣው በ1941 ነው። ውሻው የተወለደው ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። «የጣሊያን ጊዜ» እኛ አገር ለአሮጌ ነገር ሁሉ የሚለጠፍ ታፔላ ሆኗል። ድልድዩም የጣሊያን ጊዜ፣ ቤቱም የጣሊያን ጊዜ፣ ሳጥኑም የጣሊያን ጊዜ። አንድ ተራ የውሻ ሥዕል ይህን ልማድ ሊያርም ይችላል።

ሦስተኛው ምስክር ጣሳው ላይ በደቃቃ ፊደል የተጻፈው ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ባለ አምስት አኃዝ የአድራሻ ቁጥር የጀመረው በሐምሌ 1963 ነው። ይህ ቁጥር ያለበት የኩባንያ አድራሻ ከዚያ በፊት አልታተመም። የዘይቱን ደረጃ የሚናገሩ ፊደላትም አሉ። የአሜሪካ ነዳጅ ኢንስቲትዩት በ1952 ያወጣው አከፋፈል የቤንዚን ሞተር ዘይትን «ኤም ኤል»፣ «ኤም ኤም»፣ «ኤም ኤስ» ይለው ነበር። በ1970 አካባቢ ይህ ቀረና ለቤንዚን በ«ኤስ»፣ ለናፍጣ በ«ሲ» የሚጀምረው አሁን የምናውቀው አጠራር መጣ። «ኤስ ኤፍ» የ1980 ነው፤ «ኤስ ፒ» የ2020 ነው። መኪና ያለው አንባቢ ይህን በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። የሚገዛው ዘይት ለየትኛው ዘመን ሞተር እንደተሠራ እዚያው ዕቃው ላይ ተጽፎለታል፤ ብዙዎቻችን ግን የምናነበው ዋጋውን ብቻ ነው።

አራተኛው የጣሳው ገላ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሥዕልን በቀጥታ የማተም ዘዴ እንግሊዝ ውስጥ በ1875 ተገኘ። ከዚያ በፊት ጣሳ የሚለብሰው ወረቀት ወይም ቀለም ነበር። የቀድሞዎቹ ጣሳዎች ስፌት በእርሳስ የተበየደ ነው፤ የኋለኞቹ ጠርዝ በማሽን ተጣጥፎ የተቆለፈ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሊትር ትንሽ የምታንሰው ክብ የታሸገች ጣሳ በ1930ዎቹ ተስፋፋች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረትና ቆርቆሮ ለጦሩ ስለተፈለገ ዘይት ወደ ጠርሙስ ተመለሰ። ከጦርነቱ በኋላ ክዳንና መቀመጫው ብረት፣ ገላው የተጠቀለለ ካርቶን የሆነ ጣሳ መጣ። በ1980ዎቹ ፕላስቲኩ ሁሉንም ጠራርጎ አስወጣ።

ያቺ የታሸገች ጣሳ ለምን መጣች? ለውበት አይደለም። ከዚያ በፊት ዘይት ከበርሜል እየተቀዳ በጠርሙስ ይሸጥ ነበር። ሌባው ባለ ማደያ ታዋቂ ስም ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ርካሽ ዘይት እየሞላ ይቸበችበዋል። ገዢው ሞተሩ ሲነክስ ነው የሚነቃው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ አንዴ ከተበሳ ዳግመኛ የማይሞላ ጣሳ አመጡ። እኛ አገር ዛሬም ጥንቁቅ መካኒክ ባዶውን የዘይት ፕላስቲክ ሳይበሳ አይጥለውም። ለምን እንደሆነ ማንም ይገባዋል። ሰብሳቢው መደርደሪያው ላይ የሚያደንቃት ጣሳ በሌላ አነጋገር የሌብነት ታሪክ ምስክር ናት።

እዚህ ላይ ጣሳ ራሱ ገበያ የወሰነበትን አንድ ታሪክ ላንሣ። ማርከስ ሳሙኤል የለንደን ነጋዴ ነው፤ አባቱ የባሕር ዛጎል ይነግዱ ነበር፤ ሼል የሚለውም ስም ከዚያ የመጣ ነው። በ1892 «ሚዩሬክስ» የምትባል መርከብ አሠርቶ በሆዷ ላምባ ሞልቶ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ሩቅ ምሥራቅ ላከ። ተፎካካሪው ስታንዳርድ ኦይል ላምባውን በሰማያዊ ጣሳ አሽጎ ነበር የሚልከው። ሳሙኤል «እኔ በጅምላ ስለማመጣ እረክሳለሁ፤ ሰው የራሱን ዕቃ ይዞ መጥቶ ይቀዳል» ብሎ አሰላ። ስሌቱ ልክ ነበር፤ ሰዉን ግን አላወቀውም። የእስያ ገበሬና የከተማ ድኻ የሚፈልገው ላምባውን ብቻ አልነበረም፤ ጣሳውንም ነበር። በሰማያዊው ጣሳ ጣራ ይከድንበታል፣ ኩባያ ይሠራበታል፣ ምድጃ ያበጅበታል። ሳሙኤል የቆርቆሮ ወረቀት በመርከብ ጭኖ ላከና እዚያው በምሥራቅ ጣሳ ማሠራት ጀመረ፤ ጣሳውንም ደማቅ ቀይ አስቀባው። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ከሰማያዊው ጣራ አጠገብ ቀይ ጣራ ታየ። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የተሸናነፉት በዘይቱ ብቻ ሳይሆን ዘይቱ ካለቀ በኋላ በሚቀረው ነገር ጭምር ነበር።

ይህን ታሪክ ለምናለሽ ተራ ሰው ብንነግረው አይደነቅም። መርካቶ ውስጥ ያለው ምናለሽ ተራ ሳሙኤል ዘግይቶ የገባውን ነገር ሲኖርበት የቆየ ሰፈር ነው። በርሜሉ ተተርትሮ ምጣድና በር ይሆናል። ጣሳው ኩራዝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የከሰል ምድጃ፣ ማጥለያ ይሆናል። መብራት ባልገባበት አገር ስንት ተማሪ በዘይት ጣሳ ኩራዝ አጥንቶ ለዩኒቨርሲቲ በቃ! ልጆችም ከዚያው ከተረፈው ቁርጥራጭ መኪና ይሠሩበታል፤ የመኪና ዘይት የነበረበት ቆርቆሮ ራሱ መኪና ሆኖ አቧራ ላይ ይነዳል። (በነገራችን ላይ የሞተር ዘይት የነበረበት ዕቃ ለምግብ አይሆንም፤ ምንም ቢታጠብ።)

ታዲያ ይህ መልካም ነው ወይስ ክፉ? ለቤቱ መልካም ነው። ለታሪክ ግን አንድ ነገር ጎደለ። መዶሻው መጀመሪያ የሚያጠፋው ጽሑፉን ነው። ስሙ፣ ምልክቱ፣ አድራሻው፣ ደቃቃው ፊደል፣ ከላይ የቆጠርናቸው ምስክሮች በሙሉ፣ ጣሳው ኩራዝ ሲሆን አብረው ይሄዳሉ። ፈረንጁ ሰብሳቢ ጣሳውን ከሥራ አውጥቶ ጽሑፉን አተረፈ። እኛ ጣሳውን ለሥራ አትርፈን ጽሑፉን አጠፋን።

ምን አጠፋን? በ1900 ዓ.ም ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። መኪና ያለ ዘይት አይሄድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚህ አገር በግመል፣ በባቡር፣ በካሚዮን የገባ እያንዳንዱ የዘይት ጣሳ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈ ገላው ላይ ይዞ ነበር። በቀይ ባሕር አካባቢ የሼል ወኪል የነበረው የኤደኑ ነጋዴ አንቶናን ቤስ ንግዱ ኢትዮጵያም ድረስ የዘለቀ ሰው ነው። በኦክስፎርድ ያለው ሴንት አንቶኒ ኮሌጅ የተቋቋመው እሱ በሰጠው ገንዘብ ነው። ኮሌጁ አለ፤ እዚህ አገር የተራገፈው ጣሳ ግን የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ዘይት በእኛ ታሪክ ውስጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ጣሊያን በ1935 ሲወረን የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኅዳር ወር ማዕቀብ ጣለ። ከማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ የተዘለለው ዋና ነገር ነዳጅ ነው። ካሚዮኑም፣ ታንኩም፣ መርዙን ያዘነበው አውሮፕላንም የሄደው ሳይከለከል በቀረ ነዳጅ ነው። ሙሶሊኒ ራሱ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደነበር በኋላ ለሂትለር ነግሮታል። ያን ነዳጅና ዘይት የሸጠው ማን ነው? የጉባኤ መዝገብ አንዱን ይነግረናል። በየምሽጉና በየካምፑ ተጥሎ የነበረው ጣሳ ሌላውን ይነግረን ነበር።

የዚያ ዘመን ጣሳ ቢጠፋም ቃሉ አልጠፋም። ጋራዥ ስንገባ ዛሬም ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ እንላለን። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። አፋችን ከእጃችን የተሻለ ሰብሳቢ ሆኖ ተገኘ። ጀሪካን የሚለውም ቃል ቢሆን የጦርነት ልጅ ነው። ጀርመኖች በ1937 ያበጁት ሃያ ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነበር። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ የሚያፈስ ስስ ጣሳቸውን እያዩ ሲናደዱ የጠላታቸውን ዕቃ ማርከው ወደዱት፣ ቀዱት። «ጀሪ» የሚሉት ጀርመንን ስለሆነ ዕቃውም የጀርመን ጣሳ ተባለ። የብረቱ ጀሪካን ደግሞ ደግ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የተሠራበት ዓመት ገላው ላይ ተመትቶበታል። ዛሬ ውኃ ለመቅዳት ሰልፍ የምንይዝበት ቢጫው ፕላስቲክ ስሙን የወረሰው ከዚህ ወታደር ነው።

ጉሎንም እንጨምር። ካስትሮል የሚለው ስም በ1909 የወጣው ዘይቱ ውስጥ ከገባው የጉሎ ዘይት የእንግሊዝኛ ስም ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹበት የኖሩት ፍሬ የአውሮፕላንና የእሽቅድምድም መኪና ሞተር ያለሰልስ ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ጣሳውን አይቶ «የፈረንጅ ነገር» ብሎ ያልፋል።

በቅርቡ ያለፈውም እየራቀ ነው። ሶቪየት ኅብረት የሠራችው የአሰብ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ጀምሮ በ1997 ቆመ። ሼልና ሞቢል በዚህ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት ውስጥ ማደያዎቻቸውን ለሌላ ሸጠው ከአገር ወጡ። ዛሬ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት የሼልን ዛጎል አዲስ አበባ ጎዳና ላይ አያውቀውም። እኛ ትናንት ያየነው ነገር ለእሱ ታሪክ ነው፤ ያውም ያልተጻፈ ታሪክ።

«ታዲያ ሙዚየም ይሠራ ልትለን ነው?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ጣሳ ቀጥቅጦ ልጅ ያሳደገን ሰው «ቅርስ አጠፋህ» ብሎ መክሰስ ነውር ነው። እሱ ያደረገው የሚገባውን ነው። ቅርስ የሚለውን ቃል ለዘውድ፣ ለብራናና ለሐውልት ብቻ ሰጥተን ጓዳውን፣ ጋራዡንና ሱቁን ባዶ ያስቀረነው እኛ የተማርን ነን የምንለው ነን። የነገሥታቱን ዘመን በቀን ቆጥረን እናውቃለን፤ የአያታችን ኩራዝ የመቼ እንደሆነ ብንጠየቅ ግን «የጣሊያን ጊዜ» ብለን እናልፋለን።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ጓዳ ውስጥ፣ ጋራዥ ጥግ፣ የአጥር ቆርቆሮ ላይ ጽሑፉ ያልጠፋ አሮጌ ጣሳ ያለው ሰው ከመሸጡ በፊት ዙሪያውን በስልኩ ፎቶ ያንሣው። ፊቱን ብቻ ሳይሆን ጀርባውን፣ ስፌቱንና መቀመጫውንም። ደቃቃውን ፊደል ይገልብጥ። ጣሳው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደገዛው፣ ምን ሲሠራበት እንደኖረ ሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ። ሲጽፍም ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጅ ይለይ፤ ጣሳው በፈረንጅ ታትሞ አያታችን በእኛ ስለሚቆጥሩት፣ ሰባትና ስምንት ዓመት በዚያች ስንጥቅ ውስጥ ይጠፋል። አያታችን የሚነግሩን ደግሞ የትኛውም የአሜሪካ ሰብሳቢ ከጣሳው ላይ ሊያነበው የማይችለውን ነው፤ ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ያለውን ዕድሜ።

ከዚያ በኋላ ለቆራሌው ይስጠው። ጣሳውም ወደ ሥራው ይሂድ።